በካርዴ ላይ ላልሰፈረው ሥራችሁ፦ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች የቀረበ ምስጋና

በጽኑ የሳንባ ምች ምክንያት 23 ቀናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቼ፣ ከእነዚህም 11ዱን በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዤ ካሳለፍኩ በኋላ፣ ዛሬ በራሴ ትንፋሽ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ለመጻፍ በቅቻለሁ። ሐኪሞቹንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቹን በአካል አግኝቼ አመስግኛለሁ። ይህ መልእክት ግን ለእናንተ ለነርሶቹ ነው፤ የማመሰግናችሁም በካርዴ ላይ ስላልሰፈረው ሥራችሁ ነው። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደተሰጠኝ፣ የደም ግፊቴ ስንት እንደነበረ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳገላበጣችሁኝ ሁሉም ተመዝግቧል። ስፈራ ምን እንዳደረጋችሁልኝ ግን የሚጻፍበት ቦታ አላየሁም።

በጉሮሮዬ የገባው ቱቦ ድምፄን ስለወሰደው መናገር አልችልም ነበር። አክታ በቱቦው ውስጥ ሲጠራቀም በመምጠጫ መሳብ ነበረበት፤ ያ በሚሆንባቸው ጥቂት ሰከንዶች ሰው ውኃ ውስጥ የሰመጠ ያህል ይጨነቃል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ አንድም ቀን ሳትነግረኝ ጀምራ አታውቅም። «እናቴ፣ አሁን ላጸዳልዎ ነው፤ ሳል ይመጣብዎታል፣ ግን ቶሎ ያልቃል» ትለኛለች፤ ዓይኔን ጨፍኜ በመግለጥ እሺ እስክላት ድረስም እጄን ይዛ ትጠብቃለች። ሕመሙና ማስታገሻው አእምሮዬን ባሳቱባቸው ሌሊቶች በግድግዳው ላይ ሰዎች ሲመላለሱ ይታየኝ ነበር። በዚያን ጊዜም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያለሁበትን ቦታና ልጄ በጠዋት እንደምትመጣ፣ ከዚያ በፊት ነግራኝ እንደማታውቅ ሁሉ ረጋ ብላ ትነግረኝ ነበር።

ካገገምኩ በኋላ ስለ ሙያችሁ ማንበብ ጀመርኩ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የቆሰሉትን ለማስታመም 38 ነርሶችን አስከትላ በቱርክ ስኩታሪ ወደነበረው ወታደራዊ ሆስፒታል የሄደች፣ የንጽሕናና የአኃዝ ሰው እንደነበረች አውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ ከጦርነቱ በኋላ ስለ ማስታመም በጻፈችው መጽሐፍ ጥርጣሬ፣ መጠበቅና በድንገት የመደንገጥ ፍርሃት ሕመምተኛን ከአካል ድካም ይልቅ እንደሚጎዱት ማስገንዘቧን ነው። በሕመምተኛው አጠገብ ማንሾካሾክን አጥብቃ ያወገዘችውም ለዚሁ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩት በአልጋ ላይ ከኖርኩት በኋላ በመሆኑ ማስረጃ አልፈለግሁለትም።

ይህ ዕውቀት ግን በየዘመኑ እኩል አልተከበረም። ሟች እናቴም ነርስ ነበረች። በሥልጠናዋ ወቅት ከሕመምተኛ ጎን አረፍ ብላ በመገኘቷ መገሠጿን፣ አንድ ሕፃን በሞተ ቀን ደግሞ በዕቃ ክፍል ተደብቃ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ መመለሷን ነግራኛለች። ጥሩ ነርስ ማለት ስሜቷ የማይታይ ማለት ነበር። ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው ጥናት፣ በአንድ የለንደን ማስተማሪያ ሆስፒታል ይህ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አሳይታለች። ሥራው በየቁርጥራጩ ስለሚከፋፈል አንዲት ነርስ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ብዙ አትቆይም፤ ተማሪዎቹም ገና ሳይለምዱ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራሉ፤ ሕመምተኛውም በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በታመመ አካሉ ይጠራል። ዓላማው ነርሶቹን ከጭንቀት መጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ጭንቀቱ አልቀነሰም፣ ከሥራው የሚገኘው እርካታ ጠፋ፣ ከተማሪዎቹም ሲሶ ያህሉ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር። ይህን ሳነብ የእናቴ ዝምታ ምን እንደነበረ ገባኝ፤ በሕይወት ሳለች ባውቀው ኖሮ ብዙ ነገር እጠይቃት ነበር።

ስሜት ሲባል ልቅ መሆን ማለት አለመሆኑንም ከእናንተ ተምሬአለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት ታካሚ ባረፉበት ሌሊት፣ ሲከታተሏቸው የነበሩት ነርስ ከዚያ ወጥተው ወደ እኔ መጡ፤ ትራሴን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውም እንደ ወትሮው ነበር። ሰውየው ማረፋቸውን ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ነው። ያን ሌሊት ሐዘናቸውን ወደ እኔ አላመጡብኝም፤ እኔን ለማረጋጋት ግን ከዚያው ልብ መቅዳት ነበረባቸው። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ለሥራ ሲባል የራስን ስሜት መግራት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ጽፋለች፤ ኋላም ሌሎች ሐሳቡን ወደ ነርሶች ሥራ አምጥተውታል። ሥራ ከሆነ ደግሞ ያደክማል፤ ጊዜና ዕረፍት ይፈልጋል። የተረኞችን ቁጥር የሚወስኑ ኃላፊዎች ሕመምተኛ የሚያጽናኑባቸውን ደቂቃዎች እንደ ትርፍ ጊዜ እንዳይቆጥሩባችሁ ከልብ እለምናለሁ።

በተለይ ስለ ማስታወሻ ደብተሩ ላመስግናችሁ። ራሴን ባላወቅሁባቸው ቀናት በየፈረቃው ጥቂት መስመር ትጽፉልኝ እንደነበር ያወቅሁት ስወጣ ስትሰጡኝ ነው። ይህ ልማድ ከስካንዲኔቪያ አገሮች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እንደተስፋፋ ኋላ ተረድቻለሁ። «ዛሬ ልጅዎ ፀጉርዎን አበጠረችልዎ፤ ትንሽ ያዳመጡ መሰለን» ይላል አንዱ ገጽ። ከእነዚያ 11 ቀናት በእኔ ዘንድ የቀረው ቅዠት ብቻ ስለነበር፣ የሆነውን ከቅዠቱ የለየሁት በእናንተ እጅ ጽሑፍ ነው።

በመጨረሻ፣ ቱቦው በወጣልኝና የመጀመሪያውን ቃል በተናገርኩበት ጠዋት ኮሪደር ላይ ቆማ ስታለቅስ ልጄ ላገኘቻት ነርስ አንድ ቃል አለኝ። ልጄን ይቅርታ እንደጠየቅሻት ሰምቻለሁ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ምንም አላደረግሽም፤ ልጄም እስከ ዛሬ ስለ እኔ መዳን ስታወራ ከዚያ እንባ ትጀምራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ታካሚያችሁ