የረሳችሁት የግንበኛ ውሃ ልክ እኛ ጋ ነው፦ ከበለሳ የተላከ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ፣ ምንጫችንን ገንብታችሁ ቦኖ ያቆማችሁልን ሁሉ፣ ባላችሁበት። ይህን የምጽፈው ጎንደር፣ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። የላከኝ ግን ያገሬ ሰው ነው። «አንተ ፊደል ቆጥረሃል፣ በስልክህ አመስግንልን» ብለውኛል።

መንደራችንን ታውቁታላችሁ። ምዕራብ በለሳ፣ አርባያን አልፎ፣ መኪና ከሚቆምበት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። በለሳ ዝናብ ቶሎ የሚከዳው አገር ነው። ከየካቲት ወዲያ እናቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ነበር ጀሪካን የምታዝል። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ ያውም ዳገት። ውሃውም ከከብት ጋር የምንጋራው፣ አልቅት ያለበት። ድሮ አንድ የእጅ ፓምፕ ተተክሎልን ነበር። ሪቫን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ። የውስጥ ጎማው ሲያልቅ ግን የሚቀይረው ጠፋ። አሁን ፍየል ይታሰርበታል።

ስለዚህ እናንተን ሳይ «እነዚህም ፎቷቸውን ተነስተው ሊሄዱ ነው» ብዬ ነበር። ይቅር በሉኝ።

የመጣችሁት በመጋቢት፣ ምንጩ በሚከሳበት ወር ነው። ጀሪካን ደቅናችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ስትይዙ ሳቅንባችሁ። ለካ በክረምት የተለካ ምንጭ በበጋ ጉድ ይሠራል። ቀጥሎ ቦኖው የት ይሁን ብላችሁ ሴቶቹን ጠየቃችሁ። እኛ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብለን ጨርሰን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ብድግ አለችና «እናንተ ውሃ ቀድታችሁ ታውቃላችሁ? ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲሞላ ማን ሊያሻግረን ነው?» አለች። ዝም አልን። ቦታው ተቀየረ።

አህዮቹንም ልጥቀስ እንጂ። ሲሚንቶውን ያደረሱት እነሱ ናቸው፤ ለአንድ አህያ አንድ ከረጢት፣ 50 ኪሎ። ባለቤቶቻቸው ሳንቲም አልተቀበሉም። ድንጋዩን በደቦ አወጣን። ግንቡ ካለቀ በኋላ ልጆቹ ጆንያ አልብሰው ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። «ሲሚንቶም ይጠማዋል እንዴ?» ይላሉ ደግሞ።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ለመፍቻዋ ነው። ቧንቧውን ፈታችሁ፣ ጎማውን ቀይራችሁ ከገጠማችሁ በኋላ መልሳችሁ ፈታችሁትና «በሉ አሁን እናንተ» አላችሁ። ሁለት ልጃገረዶች ተማሩ። ነሐሴ ላይ አንዱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር ማንንም ሳንለምን ቡና እስኪፈላ ጠገኑት። የጎማ መግዣ በየወሩ እናዋጣለን። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ሰው ይይዘዋል። (መተማመን ጠፍቶ አይደለም፤ እንዲያ ይሻላል ብለን ነው።)

እናቴ አሁን የምትነሳው ሲነጋ ነው። ልማድ ሆኖባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ ተገላብጣ ትተኛለች።

በነገራችን ላይ ውሃ ልካችሁን ረስታችሁ ሄዳችኋል። ከሣጥኑ ጋር በክብር ተቀምጧል። ለጥምቀት ጎንደር መምጣታችሁ ስለማይቀር፣ እሱን ሰበብ አድርጋችሁ እስከኛ ዝለቁ። በምንጩ ውሃ ጠላ እንጠምቃለን።