የቀሩትን 87 ሰዓታት ማን ያቅዳቸው? ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ኃላፊዎች፤

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የማስተምር መምህር ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እኛ መምህራን አብረን ኮርስ የምናዘጋጅበት ሰዓት ስጡን።

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ የጋራ ኮርሶቹ በአገር ደረጃ አንድ ዓይነት ሆኑ። ጎንደር ያለውም ጅማ ያለውም ተማሪ የሚያነበው ያንኑ ሞጁል ነው። መምህሩ ግን ብቻውን ነው። እኔ ስለ ፋላሲ፣ ማለትም ስለ አመክንዮ ስህተት፣ ስላይድ ስሠራ አመሻለሁ፤ ሐዋሳ ያለ የሙያ ባልደረባዬም ያንኑ ስላይድ ከዜሮ ጀምሮ ይሠራል። እዚሁ እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ እንኳ አንድ ኮርስ የምንሰጥ መምህራን የምንገናኘው ፈተና ሲደርስ ነው።

የኮርሱን አውትላይን እስቲ አብረን እንየው። ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ ነው፤ ኢሲቲኤስ የተማሪን የሥራ ጫና የሚለካ የክሬዲት መለኪያ ሲሆን፣ 5 ኢሲቲኤስ ማለት 135 የተማሪ የሥራ ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ የምንገናኘው በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት፣ በድምሩ 48 ሰዓት ነው። የቀረው 87 ሰዓት «የግል ጥናት» ተብሎ ታልፏል። ተማሪው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ያቀደለት የለም። ሀንድአውት ይሸመድዳል፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ያሳድዳል። ለእኔ ብሌንድድ የሚባለው ቅይጥ ትምህርት ማለት እነዚህን 87 ሰዓታት አቅዶ ከክፍሉ ጋር ማያያዝ ነው። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ስላይድ መጫን አይደለም። መጋቢት 2012 ግቢዎች ሲዘጉ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ላክን። ኔትወርክ የሌለበት ገጠር የገባው ተማሪ አልደረሰውም፤ የደረሰውም ብቻውን ገባኝ አላለም።

ባለፈው ዓመት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንዱን ምዕራፍ፣ የፋላሲውን፣ እንደ አዲስ ሠራነው። አጫጭር የድምፅ ማብራሪያዎች ቀዳን፤ በተራ ስልክ የሚሰሙ፣ ላይብረሪ ዋይፋይ ላይ አንዴ ከወረዱ ዳታ የማይበሉ። ተማሪው እነሱን ሰምቶ፣ ከሬዲዮ ማስታወቂያ ወይም ከፌስቡክ ክርክር አንድ ስህተት ፈልጎ ክፍል ይመጣል። ክፍል ውስጥ በቡድን ይሟገታሉ። እኔ በየቡድኑ እየዞርኩ እሰማለሁ። ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። የዚያን ቀን ተነስታ የራሴን ምሳሌ ስህተት ነው ብላ ሞገተችኝ። ልክ ነበረች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ይህ አንድ ምዕራፍ አምስት ቅዳሜ ወሰደብን። ከሎዳችን፣ ማለትም ከተመደበልን የማስተማር ሰዓት፣ ላይ የተቆጠረ ሰዓት ግን የለም። ባልደረቦቼ ቀጣዩን ምዕራፍ እንሥራ ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። አልፈርድባቸውም፤ ኑሮው ያስሮጣል፣ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ።

ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመራችሁትን የኢ-ለርኒንግ ሥራ አውቃለሁ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሥልጠና አልቆ መምህሩ ወደ ሙሉ ሎዱ ሲመለስ የተማረውን የሚሠራበት ጊዜ ያጣል። ኤችዲፒ (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም) ከሚባለው የመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና የማይረሳኝ ከሌላ ዲፓርትመንት መምህራን ጋር በየሳምንቱ ቁጭ ብለን ስለ ማስተማር ማውራታችን ነው። ዲፕሎማው ከተሰጠ በኋላ ያ ወሬ ቆመ።

ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። ከጋራ ኮርሶቹ ሁለቱን ምረጡ። ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሱን የሚሰጡ መምህራንን በቡድን አቋቁሙ፤ ምዕራፎቹን ይከፋፈሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ይየው፣ የጥያቄ ባንኩም የጋራ ይሁን። ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 3 ሰዓት ከሎዳቸው ይቀነስላቸው፣ በደብዳቤም ይረጋገጥ። የሚያዘጋጁት ሁሉ ያለ ኢንተርኔት በስልክ የሚከፈት ይሁን። ስልክ ለሌለው ተማሪ የላይብረሪው ኮምፒውተር እስከ ማታ ክፍት ይደረግለት።

የሎጂኩ ቡድን ከተመረጠ የፋላሲው ምዕራፍ ተዘጋጅቷል። ነገውኑ እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሎጂክ መምህር