ጉዳዩ፦ ከጓሮ ፎቶ ስለሚጻፈው አጭር ልብ ወለድ

ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ የአንድ ጓሮ ፎቶ አይተው ከ150 እስከ 200 ቃል የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ለሰኞ ጽፈው እንዲመጡ ታዘዋል። ፎቶው በስልክ የተነሳ ወይም ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ ቢሆን ግድ የለም። ካማረ የአበባ መናፈሻ ይልቅ ሰው ሲገባ ሲወጣበት የሚውል ጓሮ ይሻላል።

እርሳስ ከመያዛቸው በፊት 10 ደቂቃ ዝም ብለው ይዩት። ከዚያ ያዩትን አምስት ነገር ጽፈው «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚያሰኘውን አንዱን ብቻ ይያዙ። ክፍል ውስጥ በሠራንበት ፎቶ ላይ ጎመን፣ ጤና አዳምና አጥር ጥግ የበቀለ አንድ ጌሾ አለ። የጌሾው ቅጠል በአጥሩ በኩል ተሸምጥጧል፤ በቤቱ በኩል ያለው ግን አልተነካም። እንግዲህ የሸመጠጠው እጁን ከውጭ ያስገባ ሰው ነው። ማን ነው? ለየትኛው ድግስ ጠላ ሊጠመቅ? ባለቤቲቱ ስትደርስበትስ ምን ይላታል?

ብዙዎቹ የሚሰናከሉት «በፎቶው ላይ ጎመን ይታያል» እያሉ ገጹን ሲሞሉ ነው። ያ ገለጻ ነው፤ ልብ ወለድ የሚሆነው አንድ ሰው የሆነ ነገር ፈልጎ እንቅፋት ሲገጥመው ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ የጀመረም ብዙ ሳይቆይ ጦጣና አንበሳ ያስገባል (ተረት እንወዳለን፤ የዚህ ሳምንት ሥራ ግን አይደለም)። «ከእንቅልፌ ነቃሁ» ብሎ መጨረስማ ቋጠሮውን ሳይፈቱ መሸሽ ነው፤ አንቀበለውም።

ወቅትና አገርም ይጠበቁ። አደይ አበባ ባለበት ጓሮ የበጋ አቧራ አይነሳም። የዘጌን የቡና ጓሮ የመረጡ ልጆች አሉ፤ እዚያ በበሬ ማረስ በቆየው ልማድ ክልክል ስለሆነ ገጸ ባሕሪው ጥማድ በሬ እየነዳ ሊገባ አይችልም። ከገባ ጠቡ ራሱ ታሪኩ ይሁን።

እናንተ አትጻፉላቸው፤ የትልቅ ሰው ዓረፍተ ነገር ያስታውቃል። የፊደል ስህተቱንም ለእኛ ተዉት። ይልቅ የተክሉን ስም ንገሯቸው፤ «ቅጠላ ቅጠል» ከሚል «በሶብላ» ያለ ልጅ የተሻለ ጽፏል። ማታ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ ምላሱ የተደናቀፈበትን ቦታ ራሱ ያስምርበት።

የጎረቤት ጓሮ የሚነሳ ከሆነ አስቀድሞ ይፈቀድ። ፎቶ ያላገኘ እስከ ዓርብ ከቤተ መጻሕፍት ይውሰድ። ፎቶው ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ይምጣ።

ርእሰ መምህር
ደብረ ማርቆስ