«እንቁጣጣሽ ነዋ!» አለች ልጄ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ልጅ ኮዲንግ ባይነካ ይሻለዋል» ብለው ጽፈዋል። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የመጨረሻዋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ክረምት ላይ በስልኳ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ተበሳጭታ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር 1» ይላል። እኔም አየሁና «ይሄ እኩልታ መፍትሔ የለውም» አልኳት። በሒሳብ ልክ ነኝ። ፕሮግራም ውስጥ ግን ያ የ«=» ምልክት እኩልነትን አያሳይም። በቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ማብራሪያ ደጋግመን አነበብነው፤ ለልጅቷ ጠብ አላለላትም።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመንና የበዓላት አቆጣጠር ስሌት፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ ትዝ አለኝ። ዘመን የሚለው ስም ዘንድሮም ዘመን ነው፣ ለከርሞም ዘመን ነው። የያዘው ቁጥር ግን መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ልጄ ኤክሱን አጥፍታ እንዲህ ጻፈች፦ ዘመን = ዘመን + 1። ትንሽ አየችውና «እንቁጣጣሽ ነዋ!» አለች። ተለዋዋጭ የሚባለው፣ የያዘው ዋጋ ሊቀየር የሚችል ስም፣ ለእሷ የተፈታው ያን ደቂቃ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ማለት ነው። ትዕዛዛቱ እንግሊዝኛ መሆናቸውን አልክድም። ግን የቋንቋው ቁልፍ ቃላት 35 ናቸው። 35 ቃል ደግሞ ማንም ልጅ ይለምደዋል።

ከዚያ ወዲያ ባሕረ ሐሳቡን ራሱን ገባንበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን ተብሎ በሚቆጠረው 5500 ላይ 2018 ስንደምር ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7518 ሆነ። ይህን ለ4 ማካፈል ነው። ከዚህች አንዲት ማካፈል አባቶች ሁለት ነገር ያወጣሉ። ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል፣ 1879 ነው። ቀሪው ዓመቱ የሚጠራበትን ወንጌላዊ ይነግረናል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ለ2018 የቀረው 2 ስለሆነ ዘመነ ማርቆስ ነው። ፓይተን ለሁለቱም የየራሳቸው ምልክት አለው፦ ለድርሻው //፣ ለቀሪው %።

ልጄ መጀመሪያ ተራውን የማካፈል ምልክት / ተጠቀመች። መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ለማግኘት ዓመተ ዓለምና መጠነ ራብዒት ተደምረው በ7 ይገደፋሉ፤ ማለትም ለ7 ተካፍለው ቀሪው ብቻ ይወሰዳል። 1 ሲቀር ማክሰኞ፣ 2 ሲቀር ረቡዕ እያለ ይሄዳል። እሷ ያገኘችው 3.5 ነው። «አባዬ፣ ሐሙስ ተኩል የሚባል ቀን አለ እንዴ?» አለችኝ። ተራው ማካፈል 1879.5 ሰጥቷት ነው። ምልክቱን ወደ // ስትቀይረው 3 ወጣ፣ ሐሙስ። እውነትም የ2018 እንቁጣጣሽ የዋለው ሐሙስ ነበር። የሁለቱን ማካፈል ልዩነት እኔ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ብነግራት እንዲህ አይገባትም ነበር። ስሌቱ ሲሳሳት ራሷ ታውቃለች፤ ቀኑን ኖራዋለችና።

ሌላም ነገር አጋጠማት። ላይ «ዓመት» ብላ ሰይማ ታች «አመት» ብላ ጠራችው። ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» አለ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ዓይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አባቴ «መጥቅዕ» የሚለውን የባሕረ ሐሳብ ቃል በአልፋው «እ» የጻፈ ተማሪ ሲያገኙ አያልፉም ነበር። ልጄ አያቷን አላየቻቸውም። ያን ቀን ግን ስለ እሳቸው ብዙ ጠየቀችኝ። በነገራችን ላይ የግዕዝ አኃዝ አይሠራም። ፲፰ ብላ ሞክራ ስሕተት ነው ብሎ መልሶባታል።

ደስ ያለኝ የመጨረሻው ነው፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን የባሕረ ሐሳብ ማስሊያ ቁጥሮች ማውጣት። 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል። አንድ ሲነሣለት ወንበር 12 ሆነ። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለበት። ልጄ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ይህን ማመሳከሪያ ጨመረችበት። ማንም አልነገራትም። ፕሮግራም ጸሐፊ የራሱን ሥራ የሚፈትሸው እንዲህ ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልጠነከሩ ልጆችን አትመልሷቸው እላለሁ። ለልጆች የኮዲንግ ትምህርት የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ኤክስና ዋይን ለጊዜው ተዉና የሚያውቁትን ስም ስጧቸው። ባሕረ ሐሳብ የማያውቅ ልጅ ዕቁብ ያውቃል፣ የታክሲ መልስ ያውቃል። ጋዜጣው በሳምንት ግማሽ ዓምድ ቢፈቅድልኝ ልምምዶቹን እያዘጋጀሁ በነፃ እልካለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተጽፈው አልቀዋል። ልጄም በስልኳ አንድ በአንድ ሞክራቸዋለች።

የሒሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን