የጂኦግራፊ ክበብ፦ ሦስት ቁመት ያለው ተራራ

የዘንድሮ ሥራችን የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አንዱ ተማሪ የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው አለ። ሌላዋ 4,533 የሚል መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሦስተኛው ከስልኩ 4,550 አነበበ። እኔ ራሴ ያደግኩት በ4,620 ስለሆነ ለጊዜው ዝም አልኩ። ልኬቱ በየጊዜው ሲታረም ቁጥሩም ተቀያይሯል፤ አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው። እስከ ጥር ድረስ ግን እጅ የሰጠ የለም። በመጨረሻ "ሄደን እንየው" ተባለ።

ለመኪና ኪራይ በወላጆች ቀን ቆሎና ሻይ ሸጥን። ስለ ስብሰባዎቻችን ብዙ የሚወራ የለም፤ ሁለቱ በፈተና ምክንያት ቀርተዋል።

የካቲት ላይ ከጎንደር ተነስተን ደባርቅ አደርን። በማግስቱ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 እንደወጣ መኪና ውስጥ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ይስማኝ! ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ።

ጨነቅ የተባለው የፓርኩ ካምፕ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። ከላብራቶሪ በተዋስነው ቴርሞሜትር ለካን። ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ የፈላው ውሃ እዚህ በ88 ፈላ። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። የደባርቅ ድንች ግን አልበስል ብሎን ግማሹን ከነጥሬው በላነው።

ከዚያ ወደ ቧሂት ማለፊያ ወጣን። እኔ በየአሥር እርምጃው ቆሜ "እዩ፣ ጅባራ" እላለሁ፤ እውነቱ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው። ስካውቱ ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ ያለውን ተራራ በጣቱ አሳየን።

"ይሄ ነው እንዴ?" አሉ ልጆቹ። ቅር አላቸው።

አልፈርድባቸውም። ሾጣጣ ጫፍ ጠብቀው ያዩት ጠፍጣፋ ግንብ የመሰለ ድንጋይ ነው። አንዷ ግን ደብተሯን አውጥታ ቀነሰች። የቆምንበት 4,200 ገደማ ነው፤ ከእኛ የሚበልጠው 350 ሜትር ብቻ ነው። ሽቅብ ያየነው መስሎን እኩያ ለእኩያ ነበር የምንተያየው። ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ይህችን ስሌት እወዳታለሁ።

ስካውቱ ስሙንም አረመን፦ "ደጀን ነው። ዳሸን የምትሉት እናንተ ከተሜዎቹ ናችሁ።" በባንኩና በቢራው የለመድነው ስም እዚያ ብዙም አይሠራም።

ጫፉ ላይ አልወጣንም። ከጨነቅ ወርዶ፣ መሸሃን ተሻግሮ፣ አምቢቆ ማደርን ይጠይቃል። እኛ የነበረን አንድ ቀን ነው።

ቴርሞሜትሩ ስንመለስ ተሰብሯል። ላብራቶሪው ይቅርታ ያድርግልን፤ ከቆሎው ሽያጭ የተረፈው ለመተኪያው ይበቃል።