«ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ለሚገባ እንግዳ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ደብረ ብርሃን
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ናፍቃሻለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ዝግጅታችሁ ስትነግሪኝ ስልኩ እየተቆራረጠ ያልኩሽን ሁሉ የሰማሽው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ከጓደኞችሽ ጋር ደጋግማችሁ እንድታነቡት በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ሥዕል መሣል አልተሰጠኝም። ሆኖም 31 ዓመት በማተሚያ ቤት ስሠራ ስፍር ቁጥር የሌለው የጥሪ ካርድና ፖስተር በእጄ አልፏልና፣ ሰው እንዴት ተጠርቶ እንደሚመጣ፣ ተጠርቶም እንዴት ሳይመጣ እንደሚቀር አይቻለሁ።

ስድስት ሆናችሁ፣ ከመካኒሳ ሚካኤል በእግር የሚደረስባቸውን ሦስት ቤቶቻችሁን የጥበብ ሥራችሁን ለማሳየት ለሁለት ቀን ለሕዝብ ልትከፍቱ ማሰባችሁን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኛል። ያነበብሽልኝ የእንግሊዟ የብራይተን ከተማ ታሪክም ልቤን ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሠዓሊ የራሱንና የወዳጆቹን ሥራ በመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በሩን ለአላፊ አግዳሚው ከፈተ፤ ዛሬ በዚያች ከተማ በየዓመቱ በሜይ ወር ብዙ ቤቶች በየሰፈሩ ተቧድነው እንዲሁ ያደርጋሉ። የጀመረው አንድ በር ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግሽም። የአንኮበሩ ተወላጅ፣ እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ «ቪላ አልፋ» ብለው የሰየሙት ቤታቸው መኖሪያቸውም፣ መሥሪያቸውም፣ ማሳያቸውም ነበር፤ ጎብኚም በቀጠሮ እየገባ ያይ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው ያንን ሥራ ያሰበው ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባለት ለማወቅ መጓጓቱ የማይቀር ነው። እዚያው እናንተ ሰፈር ደግሞ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰጉድ በጭቃና በጭድ አሠርተው በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም አለ፤ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ሊዳስስ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ነው። ጋለሪ የሚሄድ ሰው ዕቃ ሊያይ ይሄዳል፤ ቤታችሁ የሚመጣ ሰው ግን እንግዳ ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ ዕቅድም ሆነ ማስታወቂያው ከዚህ መነሣት አለበት፦ እንግዳ ይጠራል፣ መንገድ ይመራል፣ ገብቶም ይስተናገዳል። ለዝግጅቱ ያሰባችሁት «ኦፕን ስቱዲዮ» የሚለው ስም በእናንተ በሠዓሊያኑ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጎረቤታችሁ እናት ግን ምን እንደ ተጠሩ ከእርሱ አይረዱም። እኔ ብሆን «ቤት ለእንቦሳ» ብዬ እሰይመው ነበር። ገቢው «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፣ አስተናጋጁ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚህ የተሻለ መጥሪያ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል? ከሥሩ «የሠዓሊያን ቤትና ስቱዲዮ ጉብኝት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ስለ ቀኑ ልምጣ። ኅዳር 13 እና 14ን አስባችሁ ነበር። የበጋው ፀሐይ የወጣበት፣ መንገዱ የደረቀበት ወር መምረጣችሁ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ቀናት ግን አይሆኑም። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነውና ዐርብ ዕለት የሰፈራችሁ ሰው ከንግሡ ደክሞ ይመለሳል። የነቢያት ጾም ሰኞ ኅዳር 15 ስለሚገባም እሑዱ ቅበላ ነው፤ ቅዳሜና እሑዱን ሰርግና ግብዣ ይሻሙታል፣ ቤተሰብም ከገበታው አይነሣም። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም እሑድ ላይ ውላለች። ኅዳር 27 እና 28፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከሁሉም ነጻ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ጾም መሆኑ አይጎዳችሁም፤ ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ለጾመኛውም ለማይጾመውም ይሆናል፣ ወጪውም ይቀልላችኋል።

ማስታወቂያ ከማሰባችሁ በፊት ሁለት ደጅ አንኳኩ። የመጀመሪያው የአከራዮቻችሁ ነው፤ በሁለት ቀን ሁለት መቶ ሰው በግቢያቸው እንደሚያልፍ ከፖስተር ላይ ማንበብ የለባቸውም። ሁለተኛው የጎረቤት ነው። በየቤቱ ራስሽ እየገባሽ፣ «በዚህ ቀን እንግዳ ይበዛብናልና መኪና ደጃችሁ ቢቆም ይቅርታ አድርጉልን፤ እናንተ ግን ከሁሉ በፊት ዐርብ ማታ ኑልን» በያቸው። አደራሽን ይህን የዐርብ ምሽት አታስቀሩት። የሰፈሩ ሰው ሥራችሁን ቀድሞ ካየ፣ ቅዳሜ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ እጁን ይዞ የሚያመጣላችሁ እርሱ ነው፤ ሳያይ ከቀረ ግን «እዚያ ግቢ ምን እንደሚሠሩ አይታወቅም» ይላል፣ ይህም ቃል ከማንኛውም ፖስተር ፈጥኖ ይዛመታል። ለወረዳውም በደብዳቤ አሳውቁ፤ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ በየቤቱ አስቀምጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት የሚያገኘው በምልክት ነው፤ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ትናንት ምልክት የነበረው ሱቅ ዛሬ አጥር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የማይነሣ ምልክት ምረጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መጀመሪያው ቤት፣ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ተራመጂና ሰው «አሁንስ ወዴት?» ብሎ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ቀስት ይሰቀል። መንገዱን የማያውቅ ጓደኛ አምጥተሽ ቀስቱን ብቻ ተከትሎ ይሂድ፤ አንቺ ከኋላው ሆነሽ የት እንደሚያመነታ እዪ። በስልክ የሚላከው የካርታ ምልክትም የግቢውን በር እንጂ የጀርባውን መንገድ እንዳያሳይ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ወጣት ሠዓሊያን በአንድ አዳራሽ ሊያሳዩት ላሰቡት ዐውደ ርእይ 300 የጥሪ ካርድ አዘዙኝ። ፊደሉን የለቀምኩት እኔ፣ ያረምኩትም እኔ ነበርኩ። ቁጥሩ የቅዳሜን ቀን ያሳያል፣ ቃሉ ግን «እሑድ» ይላል። የተጠራው ሰው እኩሌታው ቅዳሜ መጥቶ የተዘጋ በር አይቶ ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልመጣም። ልጆቹ አልተቆጡኝም፤ ከመካከላቸው አንዱ ካርዱን አገላብጦ ዝም ብሎ ማየቱ ግን እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ የቀን መቁጠሪያ አጠገቤ ሳልዘረጋ ወደ ማሽን ሰድጄ አላውቅም። እናንተም «ቅዳሜ ኅዳር 27 እና እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ፣ ለውጭ አገር እንግዶች ዲሴምበር 6 እና 7 ቀን 2025 መሆኑን ጨምሩበት። ሰዓቱ ከቀኑ ይብሳል። የእኛ 4 ሰዓት ለፈረንጁ 10 ሰዓት ነውና በሁለቱም ቋንቋ በየራሱ አቆጣጠር ካልተጻፈ፣ የኤምባሲው እንግዳ ከሰዓት በኋላ በእርሱ አቆጣጠር በአራት ሰዓት መጥቶ የሚዘጋ በር ላይ ይደርሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መልካም ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እስከዚያ ድረስ ሥዕሉን የሚያሳይ የቀን ብርሃን አላችሁ።

ፖስተሩ ላይ የስድስታችሁን ስድስት ሥዕል ለመደርደር እንደተከራከራችሁ ነግረሽኛል። እባካችሁ አንድ ብቻ ምረጡ። ስድስት ትንንሽ ሥዕል ከመንገድ ማዶ ሲታይ የተጣፈ ጨርቅ ይመስላል፤ አንድ ትልቅ ሥዕል ግን ሰውን ያቆማል። የማን ይሁን የሚለው ቅሬታ እንዳያመጣ ዕጣ ጣሉ፣ የቀሩት አምስቱ ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ በየተራቸው ይውጡ። ስትመርጡም ለኅትመት የሚመች ይሁን። ማተሚያው ከሳያን (ከፈካ ሰማያዊ)፣ ከማጀንታ (ከሐምራዊ ቀይ)፣ ከቢጫና ከጥቁር ብቻ ስለሚቀምም በሸራሽ ላይ የሚያበራው ጥልቅ ሰማያዊና ደማቅ ብርቱካናማ በወረቀቱ ላይ ደብዝዞ ይወጣል፤ የአፈር ቀለማት ግን ብዙም አይከዱሽም። አንድ ቅጂ አስወጥታችሁ በቀን ብርሃን ሳታዩ ሁሉን አታሳትሙ። ከግርጌው ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና አንድ ስልክ ይበቃል፤ ስለ ጥበብ ያላችሁን ሐሳብ ለቤቱ ግድግዳ አቆዩት።

ፖስተር መኖራችሁን ያሳውቃል፤ ሰውን ከቤቱ የሚያስነሣው ግን በስሙ መጠራቱ ነው። እያንዳንዳችሁ የ40 ሰው ስም ጻፉ፤ የስድስታችሁ 240 ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ካርዱን ላኩ፣ ከሳምንት በፊት ደውሉ፣ ዋዜማው ላይ የመንገዱን ካርታ ላኩ። ብዙ ሰው ሦስቱንም በአንድ ሳምንት አጭቆ ይልክና እንግዳው ሲሰላች ያያል። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያሉትን ተማሪዎች አትርሷቸው፤ ገንዘብ ባይኖራቸውም የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላውን ጎብኚ ያነቃል። በስልክ ለምትለቋቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ የተጠናቀቀ ሥራ ሳይሆን እጅ ሲሠራ አሳዩ፤ ሸራ ሲወጠር፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ቀራጺዋ ጓደኛሽ እንጨት ስትጠርብ። ሰው ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው ይህን በዐይኑ ለማየት ነውና በሁለቱም ቀን በየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው እየሠራ ይገኝ።

ስለ ቤቱ ውስጥ የማውቀው ጥቂት ነው፤ አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ቡና እንደምታፈሉ አውቃለሁ። የከሰሉ ምድጃ በግቢው እንጂ ቀለም የምታቀጥኑበት ተርፔንታይን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተከማቸ ያለ እሳት እንኳ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና፣ ክፍሉን ስታጸዱ ጥግ ላይ ሸጉጣችሁ አትተዉት፤ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡት። ወፍራም የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ጀምረሽ ለዚያ ቀን አታድርሺው፤ የሕፃን እጅና የነጠላ ጫፍ እርጥብ ሸራ ላይ ማረፋቸው አይቀርም። አራት በአራት በሆነው ክፍልሽ ከ15 ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይግባ፤ ሌላው በግቢው ቡና እየጠጣ ይጠብቅ።

ዋጋን በተመለከተ አታፍሪ። በየሥራው አጠገብ ዋጋው ተጽፎ ይቀመጥ፤ የማይሸጠውም «አይሸጥም» ይባል። ሰው ቤት ገብቶ ዋጋ መጠየቅ ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ካልተጻፈ ሳይጠይቅ አመስግኖ ይወጣል። ትልቅ ሸራ መግዛት የማይችል ጎብኚ ይበዛልና በወረቀት ላይ የተሠሩ ትንንሽ ንድፎች ይኑሩ፤ ቴሌብርና የባንክ ቁጥርም በግልጽ ይለጠፍ። በመውጫው በር ላይ የእንግዳ መዝገብ አስቀምጡ፤ ስምና ስልክ፣ ከየት እንደሰሙም ይጻፍበት። በሚቀጥለው ዓመት ፖስተሩ ላይ የምታወጡት ብር ይገባው እንደሆነና እንዳልሆነ ያ መዝገብ ይነግራችኋል።

የፖስተሩንና የካርዱን ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ላኪልኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ አርሜ እመልሳለሁ። እኔና እናትሽ ሐሙስ ኅዳር 25 እንመጣለን። እርሷ ለሁለቱ ቀን የሚበቃ የገብስ ቆሎ ትቆላለች፤ እኔ ደግሞ ቀስቶቹን ቅዳሜ ማለዳ ከ1 ሰዓት ጀምሬ እሰቅላለሁ፣ ሲመሽም እሰበስባቸዋለሁ። መሰላል ከጎረቤት ለምኚልኝ።

አባትሽ