የምክር ቤት ወንበር ወደ መራጩ ይመለስ

ለክቡር ጄምስ ብራውን
የአየርላንድ የቤቶች፣ የአካባቢ አስተዳደርና የቅርስ ሚኒስትር
ደብሊን

ክቡር ሚኒስትር፣

ደብሊን የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የአየርላንድ ዜግነት የለኝም። ሕጋችሁ ግን ለአካባቢ ምክር ቤት እንድመርጥ ይፈቅድልኛል፤ በጁን 2024 (እ.ኤ.አ.) መርጫለሁ። የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ምክር ቤት ወንበር ነው።

እዚህ አገር ፖለቲካ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ማየት ብርቅ አይደለም። እርስዎም በ2016 ፓርላማ የገቡት አባትዎ ለዓመታት ከተመረጡበት ከዌክስፎርድ ነው። ለወቀሳ አላነሳሁትም። ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቶዎታል።

የአትሎን ከተማውን የሌነሃን ቤተሰብ ልጥቀስ። እዚያ ቤት ፓርላማ ቀድሞ የገባው ልጅ ነው፤ ብራያን በ1961፣ አባታቸው ፓትሪክ በ1965። በ1987 ብራያንና እህታቸው ሜሪ ኦሩርክ አንድ ካቢኔ ውስጥ ተቀመጡ። የብራያን ልጆች፣ ትንሹ ብራያንና ኮነር፣ ተከተሉ። መራጩ ግን ለስማቸው ብሎ ዝም ብሎ አላሳለፋቸውም። ፓትሪክ በ1970 ሲሞቱ ወንበሩን በማሟያ ምርጫ ተቃዋሚው ወሰደው። ትልቁ ብራያን በ1990 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በሜሪ ሮቢንሰን ተሸነፉ። እሳቸው ሲያርፉም ልጃቸው በ1996 ማሟያ ምርጫ ተወዳድረው ነው የገቡት።

ትንሹ ብራያን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ የ2008ቱ የባንኮች ቀውስ ጫንቃቸው ላይ ወደቀ። በ2009 መጨረሻ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሥራቸውን አልለቀቁም። በውሳኔዎቻቸው ባልስማማም ለዚያ ጽናታቸው ትልቅ አክብሮት አለኝ። በ2011 ምርጫ አክስታቸውም ወንድማቸውም ወንበራቸውን አጡ። ከፓርቲያቸው ደብሊን ላይ የተረፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

የአካባቢ ምክር ቤት ላይ ግን ይህ ፈተና የለም። አንድ አባል ፓርላማ ሲገባ ወንበሩን ይለቃል። ፓርቲው ሰው ይጠቁማል፣ ምክር ቤቱ ይቀበላል፣ አለቀ። ተጠቋሚው ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሆን አይተናል። በቀጣዩ ምርጫ ይህ ሰው ስሙና ፊቱ ታውቆ፣ ወንበሩን ይዞ ይቀርባል። አዲስ ገቢው፣ በተለይ እንደኛ ያለ ስደተኛ፣ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ለእነዚህ ወንበሮችም ማሟያ ምርጫ ይደረግ። ወጪው ከከበደ ቢያንስ ወንበሩ መለቀቁ ለነዋሪው በይፋ ይነገር፤ የፓርቲው አባላት ከአንድ በላይ ዕጩ ቀርቦላቸው ይምረጡ፤ ዝምድና ካለ ይገለጽ። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2029 ነው። የሕጉን ማሻሻያ ከዚያ በፊት ለፓርላማ እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብሊን መራጭ